ፒኤችፒማይአድሚንን ማን ያሻሽለው? «አፕትን እርሱት» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሁለቱ «እውነት ነው ወይ?» ብለው ነው። ሦስተኛው የላከልኝ ግን እንዳለ ተግብሮት ከጨረሰ በኋላ ነው። ጽሑፉ ፒኤችፒማይአድሚንን (እንደ ማይኤስኪውኤል ያለን ዳታቤዝ በብሮውዘር የምናስተዳድርበትን ፕሮግራም) ሊኑክስ ላይ እንዴት እንደምንጭንና እንደምናሻሽል የሚመክር ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው፦ በአፕት (በሊኑክሱ የራሱ የፕሮግራም መጫኛ) የሚመጣው ፓኬጅ ያረጀና የማይሰራ ስለሆነ እርሱት፤ ዚፑን አውርዳችሁ የዌብ ፎልደሩ ውስጥ ዘርግፉት፤ የዚፑን ዲጂታል ፊርማ ማረጋገጥ ጊዜ ማባከን ነው፤ ማሻሻል ሲያስፈልግ አዲሱን በአሮጌው ላይ ዘርግፉት፤ የፎልደሩን ስም ከቀየራችሁ ማንም አያገኘውም፤ ይህ ከከበዳችሁ ዶከር (ፕሮግራምን ከነሚያስፈልገው ሁሉ ኮንቴይነር በሚባል ዝግ ሳጥን ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ) ተጠቀሙ፣ ማሻሻል የሚባል ጣጣ የለውም፤ የሚሰራውን ደግሞ ባትነኩት ይሻላል፣ ዳታችሁ ሊጠፋ ይችላል።

ጸሐፊው ሰው ለመርዳት ብሎ እንደጻፈው ያስታውቃል። ቋንቋው ግልጽ ነው፣ በአማርኛ እንዲህ ያለውን ነገር ቁጭ ብሎ የሚጽፍም ብዙ ሰው የለም። መልስ የምጽፈውም ለዚሁ ነው። ሰው አምኖ ይተገብረዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። መጫን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያ ሶፍትዌር ሰርቨሩ ላይ አምስትም ስድስትም ዓመት ይቀመጣል። ስለዚህ «በየትኛው መንገድ ልጫን?» የሚለው ጥያቄ ውስጡ ሲታይ «ከስድስት ወር በኋላ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝበት ማን ይደፍነዋል?» ማለት ነው። ጽሑፉ ይህን አንድም ቦታ አላነሳውም። የኔ ክርክር በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

«በአፕት ሲጫን 404 ነው የሚያመጣው»

ጸሐፊው በአፕት ጭኖ አድራሻውን ብሮውዘር ላይ ሲጽፍ «ገጹ አልተገኘም» አለው። ፓኬጁ የተበላሸ ነው ብሎ ደመደመ። ችግሩ ግን ራሱ ባስቀመጠው የስክሪን ፎቶ ላይ ይታያል።

በመጫኑ መሀል አንድ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና የትኛው ዌብ ሰርቨር እንዲዋቀርላችሁ ይጠይቃል። አፓቼ 2 እና ላይትቲፒዲ የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። ቀይዋ ማድመቂያ አፓቼ 2 ላይ ቆማለች፣ ስለዚህ የተመረጠ ይመስላል። ግን ከፊቱ ያለው ቅንፍ ባዶ ነው። ስፔስ ስትጫኑ ቅንፉ ውስጥ ኮከብ ይገባል፣ ከዚያ በታብ ወደ እሺው ሄዳችሁ ኢንተር ትጫናላችሁ። ጸሐፊው ስፔስን ሳይጫን ኢንተር ብሏል፣ ፎቶው ላይ ኮከብ የለም። ፓኬጁ «ምንም አልተመረጠም» ብሎ ተረዳ፣ አፓቼን ሳይነካ ጨረሰ። ይሄ ያልደረሰበት ሰው ብዙ አይደለም፤ እኔም መጀመሪያ የጫንኩ ቀን ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል። መፍትሔው ዲፒኬጂ ሪኮንፊገር የሚለውን ኮማንድ በፓኬጁ ስም አስኬዶ እንደገና መምረጥ ነው። ኢንጂንኤክስ የሚባለውን ሌላ ዌብ ሰርቨር የምትጠቀሙ ከሆነ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ባዶውን አልፋችሁ፣ ዩኤስአር ሼር ስር የተቀመጠውን ፎልደር በእጃችሁ ታገናኛላችሁ።

እዚሁ ላይ «ሩት ብዬ ልገባ ስል ከለከለኝ» ይልና የሩትን (ሙሉ ሥልጣን ያለውን የዳታቤዝ ተጠቃሚ) የመግቢያ ዘዴ ወደ ድሮው ማይኤስኪውኤል ኔቲቭ ፓስወርድ ቀይሩ ይላል። አትቀይሩ። ዴቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ የዳታቤዙ ሩት በፓስወርድ ሳይሆን በሶኬት (በዚያው ማሽን ውስጣዊ መገናኛ) እንዲገባ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። ተርሚናል ላይ ገብታችሁ የራሳችሁን አድሚን ተጠቃሚ ፍጠሩ፣ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ስጡት፣ በሱ ግቡ። ያ የድሮ ዘዴ እኮ ከማይኤስኪውኤል 9.0 ጀምሮ ጭራሽ ተወግዷል።

«የአፕቱ ቨርዥን ያረጀ ስለሆነ አደገኛ ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አለው፣ እሱን ልቀበል። ኡቡንቱ 18.04 ላይ የመጣው ፒኤችፒማይአድሚን 4.6.6 ነበር፣ አብሮት የመጣው ፒኤችፒ ደግሞ 7.2። ሁለቱ አልተስማሙም። ሠንጠረዥ በከፈታችሁ ቁጥር ካውንት ስለሚባለው ፈንክሽን የሚያማርር ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣ ነበር፣ ሰውም ፋይሉን በእጁ እየከፈተ አንድ መስመር ሲያርም ከርሟል። ዴቢያን 10 በ2019 ሲወጣ ደግሞ ፓኬጁ ውስጡ ጭራሽ አልነበረም። በነዚያ ጊዜያት «በእጃችሁ ጫኑ» ማለት ትክክል ነበር።

ዛሬ ግን እንደዚያ አይደለም። ዴቢያን 12ም ኡቡንቱ 24.04ም ይዘውት የወጡት 5.2.1ን ነው።

ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ «አዲስ ቁጥር ማለት ደህንነት ነው» የሚለው እምነት ነው። በ2018 የሆነውን እንይ። 4.8.0 እና 4.8.1 ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ፣ በደህንነት ቀዳዳዎች መዝገብ ላይ ቁጥሩ ሲቪኢ-2018-12613 ነው። የገባ ተጠቃሚ በአድራሻ መስመሩ በኩል የሰርቨሩን ፋይሎች እንዲያስነብብ፣ ከዚያም አልፎ ኮድ እንዲያስኬድ ያስችል ነበር። ሰኔ ላይ 4.8.2 ወጥቶ ተደፈነ። ቀዳዳው የነበረው በሁለቱ አዳዲስ ቨርዥኖች ላይ ብቻ ነው። በአፕት «ያረጀውን» 4.6.6 ይዘው የተቀመጡት አልተነኩም። አዲሱን ዚፕ አውርደው የዘረገፉት ግን ተጋለጡ። ከነሱም ውስጥ በየጊዜው እየተመለሰ የሚያይ ሰው 4.8.2 ላይ ወጣ፣ ጭኖ የረሳው እዚያው ቀረ። ዚፕ ራሱን አያሻሽልም፣ ማንም አይቀሰቅሳችሁም።

አሮጌ ቨርዥን ሁሌ ይሻላል ማለቴ አይደለም። እንደ ዴቢያን ያሉት የሊኑክስ ስርጭቶች የሚሰሩበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል ለማለት ነው። ዴቢያን ቀዳዳ ሲገኝ ዋናውን ቁጥር ሳይለውጥ ጥገናውን ብቻ ወስዶ ባለው ቨርዥን ላይ ይሰፋዋል። ስለዚህ ከፊት ያለውን ቁጥር ብቻ አይቶ «ይሄ የድሮ ነው፣ ቀዳዳ አለበት» ማለት አይቻልም፤ ከኋላ ያለውን የፓኬጅ ቁጥርና የለውጥ መዝገቡን ማየት ነው።

ጽሑፉ ያላነሳው፣ ለሱ ክርክር ግን ይጠቅመው የነበረ አንድ ነገር ልጨምርለት። ኡቡንቱ ላይ ይህ ፓኬጅ ያለው ዩኒቨርስ በሚባለው ክፍል ነው። ለዚያ ክፍል የደህንነት ጥገና በዋናነት የሚመጣው ኡቡንቱ ፕሮ በሚባለው የምዝገባ አገልግሎት በኩል ነው። ለግል እስከ 5 ማሽን ድረስ ነፃ ነው፣ ግን ተመዝግባችሁ ማብራት አለባችሁ። ካላበራችሁት «በአፕት ስለጫንኩ ይሻሻልልኛል» ብላችሁ ያረፋችሁት ዕረፍት ልክ አይደለም። ጠባቂ ለሌለው ሰርቨር ዴቢያንን የምመርጠው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

«ፊርማ ማረጋገጥ ጊዜ ማባከን ነው»

አይደለም። ይህ በተግባር የደረሰ ነገር ነው። መስከረም 2012 ላይ ፒኤችፒማይአድሚን ይታደልበት ከነበረው ሶርስፎርጅ ከሚባለው የማውረጃ ድረ ገጽ መስታወት ሰርቨሮች (ያንኑ ፋይል ደግመው ከሚያድሉት ማሽኖች) አንዱ፣ ኮሪያ ያለው፣ ተሰብሮ ነበር። የ3.5.2.2 ዚፕ ውስጥ ሰርቨር ሲንክ የሚል ስም ያለው አንድ ትርፍ የፒኤችፒ ፋይል ተጨመረበት። ፋይሉ ከውጭ የተላከለትን ማንኛውንም ኮድ ያስኬዳል። ሶርስፎርጅ እንደገመተው 400 ያህል ሰው አውርዶታል። ያወረዱት ሰዎች ምንም አላጠፉም፤ ከትክክለኛው ገጽ ነው ያወረዱት፣ ዚፑም በደንብ ይሰራ ነበር።

ዛሬ እያንዳንዱ ዚፕ አጠገብ የሻ-256 ቁጥር (የፋይሉ አሻራ) እና የፒጂፒ ፊርማ (ያዘጋጁት ሰዎች ማኅተም) ይቀመጣል። ፊርማውን ማረጋገጥ ሁለት ኮማንድ ነው። በአፕት ሲጫን ይህን ማረጋገጫ አፕት ራሱ ይሰራዋል፤ ዚፑን ስትመርጡ ግን ሥራው ወደ እናንተ ይዞራል።

«አዲሱን በአሮጌው ላይ ዘርግፉት»

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። የፒኤችፒማይአድሚን መመሪያ ራሱ በማስጠንቀቂያ ሳጥን የጻፈው ተቃራኒውን ነው፦ አዲሱን በነበረው ላይ ፈጽሞ አትዘርግፉ፣ ኮንፊጉን (የቅንብር ፋይሉን) ብቻ አስቀርታችሁ አሮጌዎቹን ፋይሎች መጀመሪያ አጥፉ ይላል።

ምክንያቱን በዓይኔ ያየሁት ዓምና ክረምት ላይ ነው። አንድ ቢሮ ጠራኝ፤ ፓስወርድ ካስገቡ በኋላ ነጭ ገጽ ይመጣል። ሰርቨሩ ገብቼ የፎልደሩን ዝርዝር ባወጣው፣ ከፋይሎቹ ግማሹ የ2017 ቀን አላቸው፣ ግማሹ የ2019። 4.6 ላይ 4.9 ተዘርግፎበታል። ለመጫኛ ብቻ የሚያስፈልገው የሴትአፕ ፎልደር እንዳለ ተቀምጧል። ነጩ ገጽ የመጣው ደግሞ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተሻሽሎ ፒኤችፒ 8 ላይ ስለወጣ ነው፤ 4.9 ከፒኤችፒ 8 በፊት የተሰራ ነው። በእጅ የተዘረገፈው ሶፍትዌር ከሲስተሙ ጋር አብሮ አያድግም፣ ሁሉም ነገር ጥሎት ይሄዳል።

ይሄ እንኳ ቀላሉ ነው። ዝርዝሩ መሀል ላይ የኮንፊግ ፋይሉ ግልባጭ አለ፣ መጨረሻው ላይ «ዶት ባክ» ተቀጥሎበታል። የሆነ ሰው ሊያሻሽል ሲል በጥንቃቄ ያስቀመጠው ነው። ችግሩ ስሙ በፒኤችፒ ካላለቀ አፓቼ እንደ ፕሮግራም አያስኬደውም፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ያሳየዋል። በዚያው ክፍል ባለ ኮምፒውተር ብሮውዘር ላይ አድራሻውን ጻፍኩ። የዳታቤዙ ሩት ፓስወርድ በግልጽ ፊደል ስክሪኑ ላይ ወጣ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ አጠገቤ ቆመው ነበር። «ይሄ የኛ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ሰርቨሩ ከኢንተርኔት የሚታይ ነበር። ያ ፋይል እዚያ የቆየው ስንት ዓመት እንደሆነ ሳስበው እስካሁን ይከብደኛል።

በእጅ መጫን ግድ ከሆነ (ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የጋራ ሆስቲንግ ላይ አፕት ማዘዝ አትችሉም፣ ወይም የምትፈልጉት ማስተካከያ አዲሱ ቨርዥን ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል) እንዲህ አድርጉት። እያንዳንዱን ቨርዥን በቁጥሩ በተሰየመ የራሱ ፎልደር ውስጥ፣ ከዌብ ፎልደሩ ውጭ ዘርግፉ። ዌብ ሰርቨሩ የሚያየው አንድ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፎልደር የሚጠቁም አቋራጭ) ይሁን። አዲሱን ስታመጡ ኮንፊጉን ብቻ ቅዱለት፣ ሞክሩት፣ ከዚያ ሲምሊንኩን ወደ አዲሱ አዙሩ። አልሰራ ካለ ወደ አሮጌው መመለስ አንድ ኮማንድ ነው። እኛ አገር ይሄ ሌላም ጥቅም አለው፦ ፋይል በመገልበጥ መሀል መብራት ቢጠፋ አሮጌው ሳይነካ ይቆያል። አዲሱ በደንብ መስራቱን ካያችሁ በኋላ አሮጌውን ፎልደር አጥፉት።

ወደ 5.2 የምትወጡ ደግሞ ኮንፊጉ ውስጥ ስላለው ብሎውፊሽ ሲክሬት (የኩኪ ማመስጠሪያ ቁልፍ) ርዝመት ማስጠንቀቂያ ሊመጣባችሁ ይችላል። ድሮ የፈለግነውን ዐረፍተ ነገር እንጽፍበት ነበር፣ አሁን ልክ 32 ባይት ይፈልጋል። አዲስ አመንጭታችሁ ተኩት።

በአፕት ለጫናችሁ ሥራው ከዚህ በጣም ያንሳል። አንድ ምክር ብቻ፦ ዋናውን የኮንፊግ ፋይል አትነካኩት። ኢቲሲ ስር ባለው የፒኤችፒማይአድሚን ፎልደር ውስጥ ኮንፍ ዶት ዲ የሚባል ፎልደር አለ፤ የራሳችሁን ለውጥ እዚያ በትንሽ ፋይል አስቀምጡ። እንዲህ ካደረጋችሁ በማሻሻል ጊዜ «ፋይሉን ቀይረሃል፣ የቱን ልያዝ?» የሚለው ጥያቄ አይመጣባችሁም።

«የፎልደሩን ስም ከቀየራችሁ ማንም አያገኘውም»

ስም መቀየር ጉዳት የለውም፣ የሎጉን ጫጫታም ይቀንሳል። ቁልፍ ግን አይደለም። የማንኛውንም ሰርቨር የአክሰስ ሎግ ክፈቱ፤ ፒኤችፒማይአድሚን፣ ፒኤምኤ፣ ማይአድሚን፣ ዲቢ እያሉ ስሞቹን በተራ የሚሞክሩ ቦቶች ታያላችሁ። ያቺን «ማንም የማያውቃትን» ስም ደግሞ ለሥራ ባልደረቦች በቴሌግራም ልካችኋታል፣ ብሮውዘር ላይም ተቀምጣለች።

የሚያዋጣው በሩን ከውጭ መዝጋት ነው። አፓቼ ላይ ሪኳየር ሎካል (ከዚያው ማሽን የመጣ ብቻ ይግባ) የምትል አንድ መስመር ትበቃለች። ከዚያ ከቤትም ከቢሮም በኤስኤስኤች ታነል (በተመሰጠረ የርቀት መስመር) ትገባላችሁ፦ የራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ያለን አንድ ፖርት፣ ለምሳሌ 8888ን፣ ከሰርቨሩ 80 ጋር ታገናኙታላችሁ፣ ብሮውዘሩ ላይ ሎካልሆስት 8888 ትላላችሁ፣ አለቀ። ፌዶራና አልማሊኑክስ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ በዲኤንኤፍ (የነሱ አፕት በሉት) የሚመጣው ፓኬጅ ከመጀመሪያውም እንዲህ ተቆልፎ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ ከ4.8 ጀምሮ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አለው፣ አብሩት።

እንደውም አንድ ሰው ብቻ ዳታቤዙን የሚያይ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ ምንም አትጫኑ። ዲቢቨር የሚባለውን የዳታቤዝ መመልከቻ ፕሮግራም ላፕቶፓችሁ ላይ አድርጋችሁ በዚያው ታነል ግቡ። ጽሑፉ ይህን አማራጭ ጨርሶ አላነሳውም፣ ለብዙ ሰው ግን ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው።

«ዶከር ከሆነ ማሻሻል የሚባል የለም»

ዶከር ላይ ማሻሻል ቀላል ነው፣ እስማማለሁ፤ ግን አለ። ሌተስት («የቅርቡ») የሚለው የቨርዥን ስም ሰውን ያታልላል። ኢሜጁን (ኮንቴይነሩ የሚሰራበትን ጥቅል) ባወረዳችሁበት ቀን አዲሱ የነበረው ነው የሚመጣላችሁ፣ ከዚያ በኋላ እንደገና ፑል አድርጋችሁ (አውርዳችሁ) ኮንቴይነሩን እንደ አዲስ ካልፈጠራችሁት ዓመትም ሁለት ዓመትም ያው ነው። ከዚፑ የሚለየው አሮጌና አዲስ ፋይል ስለማይቀላቀል ነው፣ ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው። «ማን ያስታውሰዋል?» የሚለው ጥያቄ ግን አልተመለሰም።

ሁለት ነገር ደግሞ በጽሑፉ ምሳሌ ላይ አሳስቦኛል። አንደኛ፣ 8080ን ፖርት እንዲሁ ይከፍትና «ዩኤፍደብሊው (ፋየርዎሉ) ስላለ ችግር የለም» ይላል። ዶከር የሚከፍተው ፖርት የዩኤፍደብሊውን ሕግ አልፎ ይሄዳል። ዩኤፍደብሊው «ዝግ ነው» እያላችሁ ከውጭ ክፍት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከፖርቱ ፊት 127.0.0.1 (የማሽኑን የራሱን አድራሻ) ብላችሁ ጻፉ። ሁለተኛ፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ ሎካልሆስት ማለት ኮንቴይነሩ ራሱ ነው፣ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ዳታቤዝ አያየውም። ጸሐፊው ይህን ለመፍታት ማይኤስኪውኤሉን ለሁሉም አድራሻ፣ በ0.0.0.0፣ ክፈቱት ይላል። አንድ የማያይ መስኮት እንዲያይ ብሎ የቤቱን ግድግዳ ማፍረስ ነው። ሁለቱን በአንድ የዶከር ኔትወርክ አገናኟቸው፣ ወይም ዳታቤዙ የዶከርን የውስጥ አድራሻ ብቻ እንዲሰማ አድርጉት።

«አትንኩት፣ ዳታ ይጠፋል»

ይሄ ፍርሃት የመጣው ሁለት ነገር ከመቀላቀል ነው። ፒኤችፒማይአድሚን ዳታችሁን አይዝም፣ መመልከቻ ነው። ዳታው ያለው ማይኤስኪውኤሉ ወይም ማሪያዲቢው ጋ ነው። ፒኤችፒማይአድሚንን ብታሻሽሉት፣ ብታጠፉት፣ መልሳችሁ ብትጭኑት የደንበኞቻችሁ ሠንጠረዥ ባለበት ይቆያል። የራሱ የሆነ አንዲት ትንሽ ዳታቤዝ አለችው፣ ያስቀመጣችኋቸውን ጥያቄዎችና ምርጫዎች የሚጽፍባት። ፓኬጁን በፐርጅ (ከነቅንብሩ) ስታስወግዱ «ዳታቤዙን ላጥፋ?» ብሎ የሚጠይቀው ስለሷ ነው። ዳታቤዝ ሰርቨሩን ራሱን ስታሻሽሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ በማይኤስኪውኤልደምፕ ባክአፕ ሳትወስዱ፣ ባክአፑም መመለሱን ሳትሞክሩ እንዳትጀምሩ።

ዓምና የጠራኝ ቢሮ ምን አደረገ? የተዘረገፈውን ፎልደር በሙሉ አጠፋን፣ የሩቱን ፓስወርድ ቀየርን፣ ሰርቨሩን ዴቢያን 12 ላይ አድርገን ፒኤችፒማይአድሚንን በአፕት ጫንን፣ የደህንነት ጥገናዎች በራሳቸው እንዲገቡ አንአተንድድ አፕግሬድስን አበራን። ኃላፊዋ ዴስክቶፓቸው ላይ ታነሉን የምትከፍት አንድ አይከን አለቻቸው፣ እሷን ሁለቴ ይጫናሉ፣ ብሮውዘሩን ይከፍታሉ። ባለፈው ሳምንት ሎጉን ሳየው ቦቶቹ ዛሬም አላረፉም። ለፒኤምኤ 404፣ ለፒኤችፒማይአድሚን 403 (መግባት ክልክል ነው) እየተባሉ ይመለሳሉ።